ሦስቱ እኩል መንገዶች፦ በዲ.ኤስ.ኤል.አር ካሜራ የፎከስና የትይዩነት ስሕተቶችን ስለ መለየት፣ በመንዝ ብራናዎች ማሳያነት

የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ከጥገና ክፍል የመጣ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ካሜራ መስተዋት፣ ስለ ብሎንና ስለ ሚሊሜትር ክፍልፋይ መናገር በብራና ጥናት መድረክ ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ቢነሣ አልፈርድም። እኔም ይህን ትምህርት የተማርሁት ወድጄ ሳይሆን በጥፋቴ ነውና፣ አስቀድሜ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

ነገሩ የተፈጸመው በመንዝ ደጋ፣ ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔና አንድ ባልደረባዬ አንድ የብራና ገድል ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈቃድ አግኝተን ነበር። ፈቃዱ በቀላሉ አልተገኘም። ሽማግሌ ልከናል፤ ደብዳቤ አጽፈናል፤ የሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ እስኪወስንም ሁለት ሌሊት እዚያው አድረናል። በሦስተኛው ቀን ቄሰ ገበዙ መጽሐፉን ከዕቃ ቤት አወጡልን፤ ከማኅደሩም በገዛ እጃቸው አውጥተው ዘረጉልን። 124 ቅጠል ነበረው። ከጧት እስከ ማታ ቅጠሉን እሳቸው እየገለጡ፣ እኛ እያነሣን ዋልን። በካሜራው መመልከቻ ስናይ ፊደሉ ጥርት ያለ ነበር፤ ፎከስ መያዙን የሚያበሥረው ድምፅም በየቅጠሉ ይሰማ ነበር። ማታ በማደሪያችን ምስሎቹን በኮምፒዩተር ላይ አጉልተን ስንመለከት ግን የእያንዳንዱ ገጽ የላይኛው መስመር ጠርቶ፣ መካከሉ ደብዝዞ፣ የታችኛው ጠፍቶ አገኘነው። አንድም ቅጠል አልዳነም። በመጨረሻው ቅጠል ግርጌ ጸሐፊው ስሙን አስፍሮ ነበር፤ የእኛ ምስል ግን የሚያሳየው የቀይና የጥቁር ቀለም ጭጋግ ብቻ ነው።

ጧት ተመልሰን ጥፋታችንን ስንናገር ቄሰ ገበዙ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ልጆቼ፣ ድምፁ ሲጮኽ ያዘ ማለት ነው አላላችሁኝም ነበር?» ብለው ጠየቁን። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው የዘገየ መልስ ነው።

መልሱን ለማግኘት በካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚሄድባቸውን መንገዶች ማወቅ ያስፈልጋል። በዲ.ኤስ.ኤል.አር ካሜራ ውስጥ በሌንሱ የገባው ብርሃን ሦስት መድረሻዎች አሉት። ከሌንሱ በስተኋላ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ዋና መስተዋት አለ፤ የብርሃኑን አብዛኛውን ክፍል ወደ ላይ መልሶ በመመልከቻው ገበታ ላይ ያሳርፈዋል። ዐይናችን በፔንታፕሪዝሙ በኩል የሚያየው ይህንን ነው። የዋናው መስተዋት መካከለኛ ክፍል ግን ከፊል ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ፣ ጥቂቱ ብርሃን አልፎ ከበስተጀርባው ያለች ትንሽ መስተዋት ላይ ይደርሳል። ያች ትንሽ መስተዋት ብርሃኑን ወደ ታች፣ በካሜራው ወለል ወደ ተቀመጠው የኦቶፎከስ መለኪያ ትልከዋለች። ሦስተኛው መድረሻ ምስሉ የሚቀረጽበት ሴንሰር ነው። ቁልፉን ስንጫን ሁለቱም መስተዋቶች ይነሡና ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዐይናችን የሚያየው አንዱን፣ ኦቶፎከስ የሚለካው ሌላውን፣ ምስሉ የሚቀረጸው ደግሞ በሦስተኛው ላይ ነው። ሥርዓቱ የሚሠራው ሦስቱ መንገዶች ፍጹም እኩል ርዝመት አላቸው በሚል እምነት ነው። ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት በኒኮን ኤፍ ካሜራዎች 46.5 ሚሊሜትር፣ በካኖን ኢ.ኤፍ ደግሞ 44 ሚሊሜትር ነው። የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ በኤፍ 2.8 ተከፍቶ፣ የድብዘዛው ክብ ከ0.01 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ብንሻ፣ በሴንሰሩ በኩል የሚፈቀደው ስሕተት ወደ ፊትም ሆነ ወደ ኋላ ከ0.028 ሚሊሜትር አይበልጥም። ይህ ከአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት የሚያንስ ነው። ካሜራው በአህያ ጭነት ላይ ሲንገላታ፣ በመኪና ኮርኮንች ሲመታ፣ ወይም መስተዋቱ በብዙ ሺህ ጊዜ መነሣትና መውደቅ ማረፊያውን ሲበላው፣ ከሦስቱ መንገዶች አንዱ ይህን ያህል ቢዛባ የሚያስደንቅ አይደለም።

አሁን ኦቶፎከስ እንዴት እንደሚለካ እንመልከት። መለኪያው የሚሠራው እንደ ሁለቱ ዐይኖቻችን ነው። በሌንሱ አንድ ጠርዝ በኩል የገባውን ብርሃንና በተቃራኒው ጠርዝ በኩል የገባውን ብርሃን ለይቶ ሁለት ትንንሽ ምስሎች ይሠራል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትክክለኛውን ልክ ከያዘ ፎከሱ ተይዟል። ርቀቱ ከጠበበ ወይም ከሰፋ፣ ሌንሱ በየትኛው አቅጣጫና በምን ያህል መዞር እንዳለበት ወዲያው ይታወቃል። ፍጥነቱ የመጣው ከዚህ ነው፤ ሚኖልታ 7000 እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን ዘዴ በካሜራው አካል ውስጥ ይዞ ከወጣ ጀምሮም የኦቶፎከስ ኤስ.ኤል.አር ካሜራዎች መሠረት ሆነ። ነገር ግን ዳኛው የተቀመጠው ምስሉ ከሚቀረጽበት ቦታ ውጭ ነው። ድምፁ የሚነግረን በካሜራው ወለል ያለው መለኪያ መስማማቱን እንጂ ሴንሰሩ መስማማቱን አይደለም። ለቄሰ ገበዙ ጥያቄ የመልሱ የመጀመሪያ ክፍል ይህ ነው፤ ድምፁ አልዋሸም፤ የመሰከረው ግን ስለ ሌላ ቦታ ነበር።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ምርመራው እንግባ። የደበዘዘ ምስል ሁሉ የኦቶፎከስ ስሕተት አይደለም፤ ስለዚህ ካሜራውን ከመክሰሳችን በፊት ምስሉን ራሱን መመርመር አለብን። አንድ ምስል አጉልታችሁ ስታዩ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በዚህ ምስል ውስጥ የጠራ ቦታ አለን? ቦታው የትስ ነው?

ምንም የጠራ ቦታ ከሌለና ድብዘዛው በአንድ አቅጣጫ የተሳበ ከመሰለ፣ ካሜራው ወይም የሚነሣው ነገር ተንቀሳቅሷል። ድብዘዛው አቅጣጫ የሌለው ጭጋግ ከመሰለ፣ ሌንሱ ላይ ጤዛ ወይም የጣት ቅባት መኖሩን ተመልከቱ። በመንዝ ብርድ ያደረ ካሜራ እሳት ወደሚነድበት ቤት ሲገባ ወዲያው ላብ ይለብሳል፤ ከቦርሳው ሳይወጣ ሙቀቱን እንዲላመድ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። የጠራ ቦታ ኖሮ፣ እሱም ከምንፈልገው ነገር ፊት ወይም ኋላ ከሆነ፣ የፎከስ መሳት ነው። የምስሉ አንዱ ጠርዝ ጠርቶ ተቃራኒው ከደበዘዘ ደግሞ ነገሩ የትይዩነት ጉድለት ነው፤ ካሜራው ለገጹ ትይዩ አይደለም፣ ወይም በሌንሱ ውስጥ ያለ አንድ መስተዋት ከመካከሉ ተንሸራቷል። እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ካሜራውን 180 ዲግሪ አዙራችሁ ያንኑ ገጽ አንሡ። ድብዘዛው ከገጹ ጋር በቦታው ከቀረ ያዘነበለው ገጹ ወይም ማቆሚያው ነው፤ ከካሜራው ጋር ከዞረ ግን ችግሩ በካሜራው ወይም በሌንሱ ውስጥ ነው።

ምርመራው ወደ ፎከስ ከመራን ቀጣዩ እርምጃ ሁለት ዳኞችን ማከራከር ነው። አብዛኞቹ የቅርብ ዘመን ዲ.ኤስ.ኤል.አር ካሜራዎች ላይቭ ቪው የሚባል አሠራር አላቸው። መስተዋቱ ተነሥቶ፣ ሴንሰሩ ራሱ ያየውን በጀርባው ማሳያ ላይ ያወጣዋል። እዚያ ላይ አጉልተን በእጅ የምንይዘው ፎከስ በመስተዋቶቹ በኩል ስለማያልፍ እንደ እማኝ ያገለግላል። ካሜራውን በጽኑ ማቆሚያ ላይ አድርጉ፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ በግልጽ የታተመ ወረቀት በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ለጥፋችሁ ፊት ለፊት አቁሙ፤ ከጎኑ ማስመሪያ አጋድማችሁ አስደግፉ። ፎከሱን የምትይዙት በጠፍጣፋው ወረቀት ላይ እንጂ በተጋደመው ማስመሪያ ላይ አይደለም። የኦቶፎከስ ነጥብ በመመልከቻው ውስጥ ከምትታየው ምልክት ይበልጥ ስፋት ስላለው፣ በተጋደመ ነገር ላይ የትኛውን መስመር እንደ መረጠ ማወቅ አይቻልም። የብርሃን ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ በመጀመሪያ በላይቭ ቪው ጥቂት ምስሎችን፣ ከዚያም በመመልከቻው ኦቶፎከስ ዐሥር ምስሎችን አንሡ። ከእያንዳንዱ ምስል በፊት ሌንሱን አንድ ጊዜ ወደ ሩቅ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቅርብ አዙራችሁ ፎከሱን አጥፉት።

ውጤቱ ከሦስት አንዱ ይሆናል። አንደኛው፣ የላይቭ ቪው ምስል ጥሩ ሆኖ የኦቶፎከሶቹ ዐሥሩም በአንድ አቅጣጫ፣ በተቀራራቢ መጠን የሚስቱበት ነው። ይህ የመንገዶቹ አለመስማማት ስለሆነ ሊታረም ይችላል። ሁለተኛው፣ ዐሥሩ ምስሎች አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ የሚበታተኑበት ነው። ይህ በማስተካከያ አይድንም፤ ምክንያቱ የብርሃን ማነስ፣ የሌንሱ ሞተር መድከም፣ የሌንሱ የኤሌክትሪክ መገናኛዎች መቆሸሽ ወይም በመስተዋቱ ክፍል ወለል ባለው መለኪያ ላይ የወደቀ አቧራ ሊሆን ይችላል። አቧራውን በጎማ መንፊያ ቀስ ብሎ ማስወገድ ነው እንጂ በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ስለሚረጭ የባሰ ጥፋት ያመጣል። ሦስተኛው፣ ላይቭ ቪውም ራሱ የሚደበዝዝበት ነው። ያን ጊዜ ኦቶፎከሱ ንጹሕ ነውና ሌንሱን ወይም ማቆሚያውን መርምሩ።

የመጀመሪያው ዓይነት ስሕተት ሲገኝ፣ ከፍ ባሉት ሞዴሎች ላይ በካሜራው ዝርዝር ምርጫ ውስጥ የኦቶፎከስ ጥቃቅን ማስተካከያ ይገኛል። በብዙዎቹ ከ20 ተቀናሽ እስከ 20 ተደማሪ ይደርሳል። ካሜራው ከሚገባው ቀድሞ፣ ወደ እኛ ቀርቦ የሚያርፍ ከሆነ ተደማሪ ቁጥር እንሰጠዋለን፤ አልፎ የሚያርፍ ከሆነ ተቀናሽ። ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ሌንስ ለየብቻው ይያዛል። ፈተናው የሚካሄደውም በምንሠራበት ርቀትና በምንሠራበት ብርሃን ነው። በብዙ መመሪያዎች የሚነገረው የፈተና ርቀት የሌንሱ የትኩረት ርዝመት 50 እጥፍ ነው፤ ለ50 ሚሊሜትር ሌንስ 2.5 ሜትር ይሆናል። እኛ ግን ብራና የምናነሣው ከ55 ሴንቲሜትር ገደማ ነውና፣ በ2.5 ሜትር የተገኘው ቁጥር በብራናው ላይ ላይሠራ ይችላል። ብርሃኑም እንዲሁ ነው፤ ሌንስ የተለያዩ ቀለማትን በአንድ ቦታ ፈጽሞ ስለማይሰበስብ፣ በቀን ብርሃን የተስተካከለ ኦቶፎከስ በቢጫ አምፖል ወይም በጧፍ ብርሃን ሊስት ይችላል።

ይህ ማስተካከያ የሌላቸው ካሜራዎችስ? በውስጣቸው ዋናውና ትንሿ መስተዋት የሚያርፉባቸው፣ እየዞሩ የሚስተካከሉ ትንንሽ ማቆሚያዎች አሉ። የዋናው መስተዋት ማቆሚያ ዐይን የሚያየውን፣ የትንሿ ደግሞ ኦቶፎከስ የሚለካውን ያርማል። ይህን የምነግራችሁ እንድትነኩት ሳይሆን፣ ባለሙያ ዘንድ ስትሄዱ ችግሩን ለይታችሁ እንድታስረዱ ነው። «ኦቶፎከሱ ትክክል ነው፣ ነገር ግን በመመልከቻው በእጅ ስይዘው ይስታል» ማለትና «በመመልከቻው የያዝሁት ትክክል ነው፣ ኦቶፎከሱ ግን ሁልጊዜ ወደ ኋላ ያልፋል» ማለት ሁለት የተለያዩ ሕመሞችን መናገር ነው። ትንሿ መስተዋት የቱን ያህል ወሳኝ እንደ ሆነች ለመረዳትም አንድ ታሪክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 ካኖን የባለሙያዎች የነበረውን ኢ.ኦ.ኤስ 1ዲ ማርክ 3 ካሜራ ካወጣ በኋላ ከፎቶግራፍ አንሺዎች የኦቶፎከስ ቅሬታ በዝቶበት፣ በዚያው ዓመት የትንሿን መስተዋት አሠራር የሚያርም ነጻ ጥገና ለመስጠት ተገድዷል።

አሁን ወደ ገድሉ ልመለስ። ወደ ቤታችን ተመልሰን ስንፈትሽ ካሜራችን በዚያ የሥራ ርቀት ወደ 4 ሚሊሜትር ገደማ አልፎ የሚያርፍ ሆኖ ተገኘ። ማቆሚያችንም ለገጹ ወደ 2 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ነበር። 30 ሴንቲሜትር ቁመት ባለው ገጽ ላይ 2 ዲግሪ ማለት የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው በ10 ሚሊሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው፤ ከመካከሉ ሲቆጠር ወደ ላይ 5፣ ወደ ታች 5። ሴንሰራችን 36 በ24 ሚሊሜትር፣ ምስሉም የገጹ አንድ ዐሥረኛ ስለ ነበር፣ ከላይ ባልሁት የ0.01 ሚሊሜትር መስፈርት በኤፍ 2.8 የሚጠራው ጥልቀት በጠቅላላው 6 ሚሊሜትር ገደማ፣ ማለትም ወደ ላይ 3፣ ወደ ታች 3 ነው። ብርሃኑ አነሰን ብለን ቀዳዳውን በኤፍ 2.8 የከፈትነው እኛ ነን። ኦቶፎከሱ በ4 ሚሊሜትር ወደ ሩቁ ሲያልፍ የጠራው ክልል ከ1 እስከ 7 ሚሊሜትር ወደ ሩቅ ሆነ። ሩቁ የላይኛው ጠርዝ በዚያ ውስጥ ገባ፤ መካከሉ በጥቂቱ ወጣ፤ የታችኛው ጠርዝ ፈጽሞ ጠፋ። ሁለት ትንንሽ ስሕተቶች ተደጋግፈው አንድ መጽሐፍ አጠፉ። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 ዘግተን፣ ካሜራው በማቆሚያ ላይ ስለ ነበር ጊዜውን ብናስረዝመው ኖሮ፣ የሚጠራው ጥልቀት ከ17 ሚሊሜትር ስለሚበልጥ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ወደ 9 ሚሊሜትር በሚጠጋ ህዳግ 5 ከ4 ጋር የሚደመረውን ስሕተት ሁሉ ከሞላ ጎደል በሸፈነልን ነበር።

ትይዩነትን ለመፈተሽ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠፍጣፋ ትንሽ መስተዋት በገጹ ቦታ አስቀምጡና በመመልከቻው እዩ፤ የራሱ የሌንሱ ምስል ልክ በመካከሉ ከታየ ካሜራው ለገጹ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የአናጢ ውኃ ልክ ለዚህ አያገለግልም። በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ የተዘረጋው መጽሐፍ ራሱ ከውኃ ልኩ ያዘነበለ ነውና፣ ካሜራውን ለምድር ማስተካከል ለመጽሐፉ ማስተካከል አይደለም። ደግሞም ብራና የእንጨት ገበታ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ቅጠሉ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲያልፍ የገጹ ከፍታ ይለወጣል። ስለዚህ ፎከሱን በላይቭ ቪው አንድ ጊዜ ይዛችሁ ኦቶፎከሱን ዝጉት፤ በየ20 ቅጠሉ ደግሞ ከበታቹ ጨርቅ እያነጠፋችሁ ከፍታውን መልሱ፤ ፎከሱንም እንደገና ፈትሹ።

ይህ ምርመራ ለብራና ብቻ አይደለም። በመንዝ ጓሳ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው ሜዳ ላይ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን በረጅም ሌንስ የምታጠኑ ተማሪዎች ተመሳሳይ ድብዘዛ ይገጥማችኋል። እዚያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ካሜራው አይደለም። ከእንስሳው ፊት ያለው የጓሳ ሣር ለኦቶፎከሱ ጥርት ያለ መስመር ስለሆነ ነጥቡን ይነጥቃል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ከመሬት የሚነሣው የአየር ትርግብግብታም ሩቁን ሁሉ ያወዛውዛል። በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ ካሜራን ማስተካከል ደህናውን ማጣመም ነው። ፈተናችሁን በማለዳ፣ በአጭር ርቀት አድርጉት።

ስለ ምን ይህን ያህል እጨነቃለሁ? እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል። በሸንኮራ የተወለዱት ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከሀገራቸው ርቀው፣ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ሆነው፣ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ያነበቡትና ለዓለም በካታሎግ ያስተዋወቁት እነዚያን ፊልሞች ነው። ፊልሙን ያነሡት ሰዎች የሚያረጋግጡበት ማሳያ አልነበራቸውም፤ ፊልሙ እስኪታጠብ ጥፋታቸውን አያውቁም ነበር። እኛ በእጃችን ላይ ማሳያ እያለን አለማየታችን ምን ይባላል? የምናነሣው ምስል አንባቢው ዛሬ ከጎናችን የለም። ምናልባት ገና አልተወለደም፤ መጽሐፉም እሱ እስኪደርስ ላይቆይ ይችላል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቅጠል በፊት ሩብ ሰዓት ለምርመራ ስጡ። የመጀመሪያውን ምስል በኮምፒዩተር አጉልታችሁ አራቱንም ማዕዘን አንብቡ። በዐይናችሁ ያላነበባችሁትን ግርጌ «ተይዟል» አትበሉ። ለመጽሐፉ ጠባቂም አሳዩአቸው፤ ሊያነቡት የሚችሉት እሳቸው ናቸውና ከማንኛውም ሰሌዳ የተሻሉ ፈታኝ ናቸው።

እኛ ከወራት በኋላ ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ነበር። ቄሰ ገበዙ በደህና ተቀበሉን፤ ይሁን እንጂ መጽሐፉ ደክሟል፣ ስፌቱም ላልቷል፣ ሙሉውን ዳግመኛ አልገልጠውም አሉ። ልክ ነበሩ። የፈቀዱልን አንድ ቅጠል ብቻ ነበር፤ የመጨረሻውን መረጥን። መስተዋቱን አስቀመጥን፣ ማቆሚያውን አቃናን፣ ቀዳዳውን ዘጋን፣ ፎከሱን በላይቭ ቪው ያዝን፣ ከዚያም አንሥተን ማሳያውን ወደ እሳቸው አዞርን። መነጽራቸውን አድርገው የጸሐፊውን ስም ከግርጌው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡልን። የቀሩት 123 ቅጠሎች ግን እስከ ዛሬ አልተነበቡም።